ግንቡን ዝናብ ጣለው፤ ካሣውን ማን ይክፈል? (ከውል ውጭ ኃላፊነትን ለምታጠኑ)

የኮዬዋ አስጠኚ · እሑድ ማታ 2:40

እንደምን አመሻችሁ። ኮዬ ፈጬ ቤቴ ሳሎን ውስጥ እሑድ ከሰዓት የማታ ሕግ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ፤ ከውል ውጭ ኃላፊነትን፣ ማለትም ውል ሳይኖር ሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት መጠየቅን፣ አብረን እናጠናለን። ዛሬ ያቀረብኩላቸው ጥያቄ ከመጽሐፍ የወጣ አልነበረም። ከእኛ ብሎክ ጀርባ፣ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር ነሐሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ከላይ በኩል ያለው ሰውዬ ግቢውን ለማስተካከል ተዳፋቱን በአፈር ሞላና ሙሌቱን የሚይዝ የብሎኬት ግንብ አቆመ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግንቡ ከነአፈሩ ተንዶ ከታች ያለችው ጎረቤት ማድ ቤት ላይ ወረደ። ሴትዮዋ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ናት፤ በዚያ ሰዓት ምጣድ ፊት ነበረች። ቀኝ እግሯ ተሰበረ። እኔ ስደርስ ሰው ተሸክሞ አውጥቷታል። ያየሁት ምጣዱን ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ብሎኬት ሥር ገብቷል፣ በቀረው ግማሽ ላይ ዓይን ያወጣ እንጀራ እንዳለ ነው፣ ከባልዲው የፈሰሰው ሊጥ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሏል። ባጃጅ ላይ የጫናት ራሱ የግንቡ ባለቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። በኋላ ሽማግሌ ፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ «እኔ ምን አጠፋሁ? የጣለው ዝናብ ነው።»

ሰባቱም ተማሪዎች ሰውዬው ቸልተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሁለት ሁለት ገጽ ጻፉ። አንዱ «ዝናቡ ከዓቅም በላይ ነው፣ ክሱ ውድቅ ይሁን» ብሎ ዘጋው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2077 የከፈተ አንድም አልነበረም። እዚህ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2027 ላይ ሦስት በር አስቀምጧል። አንደኛው በር ጥፋት ነው፤ ሰው አስቦም ይሁን በቸልተኝነት፣ አድርጎም ይሁን ማድረግ የሚገባውን ትቶ ሌላውን ሲጎዳ። ሁለተኛው፣ ሕጉ ለይቶ በጠቀሳቸው ሥራዎችና ንብረቶች ምክንያት ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ኃላፊነት ነው። ሦስተኛው ለሌላ ሰው ድርጊት መጠየቅ ነው፤ አባት ለልጁ፣ አሠሪ ለሠራተኛው። ጥያቄ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ጉዳቱ በምን በኩል እንደመጣ ተመልከቱ። ግንብ ነው? ከብት ነው? መኪና ነው? ወፍጮ ነው? ከሆነ ወደ ሁለተኛው በር ሂዱ። ጥፋት ፍለጋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቁጥር 2077 እንደሚለው የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ። ከዚያ ቁጥር 2086ን አንብቡ። ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ቢል፣ «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» ቢል፣ «ልከላከለው አልቻልኩም» ቢል ወይም በሦስተኛ ሰው ቢያላክክ ከኃላፊነት አይድንም። የሚያድነው ወይም የሚያቀልለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። ስለዚህ የሰውዬው «ምን አጠፋሁ» የሚል ጥያቄ ከልቡ ቢሆንም ለዚህ ክስ መልስ አይሆንም።

---

ሦስተኛ ዓመት · እሑድ ማታ 3:15

እኔ ከሰባቱ አንዷ ነኝ፤ ስሕተቴን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቁጥር 2077 የሚያወራው ስለ ሕንፃ ነው። የተናደው አጥር ነው፣ ያውም ሙሌት የሚይዝ አጥር። አጥር ሕንፃ ነው?

---

የኮዬዋ አስጠኚ · እሑድ ማታ 3:32

ይህን ጥያቄ ዛሬ ከሰዓት ብትጠይቂኝ ሙሉ ውጤት እሰጥሽ ነበር። የተከሳሽ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

የእኔ አቋም ሕንፃ ነው የሚል ነው። ድንጋጌው የቆመው በሰው እጅ ተሠርቶ መሬት ላይ የተተከለ ነገር ሲወድቅ ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ በዚህ ረገድ የቤት ግድግዳና የአጥር ግንብ ልዩነት የላቸውም። ዳኛው ባይቀበለኝም ግን ክሱ አይሞትም። ሰውዬው ምን አደረገ? ተዳፋቱን በአፈር ሞላ። ቁጥር 2069ን ክፈቺ፦ ፈንጂ ወይም መርዝ ማስቀመጥ፣ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መሥመር መዘርጋት፣ የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ፣ እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ መሥራት። እነዚህን የሚያደርግ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ያለ ጥፋት ይጠየቃል። «የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ» የሚለውን ተማሪ ሁልጊዜ ዘልሎት ያልፋል፤ ትልቅ ግድብ ወይም መንገድ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ እኛ ዳር ላይ፣ ሰው ሁሉ ተዳፋት እየደለደለ ቤት በሚሠራበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ሐረግ እሱ ይመስለኛል።

በክሱ ላይ ሁለቱንም በአማራጭ ጻፊ። ግንቡን በ2077፣ ሙሌቱን በ2069። ቀጥለሽ ቸልተኝነት ካለ በ2028። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይከፈት።

---

ግንበኛው · እሑድ ማታ 4:05

ሕግ አልተማርኩም፤ ግንብ ግን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አፈር የሚይዝ ግንብ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ካልተተወለት ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና ግንቡን ይገፋዋል። ግንብ የሚወድቀው ከዝናቡ ይልቅ መውጫ ባጣው ውሃ ነው። ብሎኬትም ለዚህ አይሆንም፤ ድንጋይ ነው የሚገነባ፣ ታቹ ሰፊ ላዩ ጠበብ ተደርጎ። ባለቤቶች ይህን ስንነግራቸው «ድንጋይ ውድ ነው፣ ለጊዜው በብሎኬት ጨርሱልኝ» ይላሉ። አንዳንዱ ግንበኛም እያወቀ ዝም ይላል። እኔ የምጠይቀው፣ ግንበኛውስ አይጠየቅም?

---

የኮዬዋ አስጠኚ · እሑድ ማታ 4:20

ወንድሜ፣ የጻፍከው በክሱ ላይ የባለሙያ ምስክርነት ሆኖ ቢቀርብ ብዙ ይሠራል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግንበኛው ይጠየቃል፤ ግን በሌላ መንገድ። ተጎጂዋ ማን እንደገነባው፣ ስንት ብረት እንደገባበት፣ ቱቦ ይኑረው አይኑረው መርምራ እንድትመጣ ሕጉ አያስገድዳትም። ግንቡ የማን እንደሆነ ማሳየት ይበቃታል። ባለቤቱ ከፍሎ ሲያበቃ በቁጥር 2077 ንዑስ ቁጥር 2 መሠረት ወደ ግንበኛው ይዞራል። እዚያ ላይ ባለሙያ ነኝ ብሎ ሥራ የያዘ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲያከብር የሚያዘው ቁጥር 2031 አለ፣ በመካከላቸው ያለው ውልም አለ። ባለቤቱ «በብሎኬት ጨርስልኝ» ብሎ ያዘዘው ራሱ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ተመልሶ እሱ ላይ ይወድቃል። የሁለቱ ጭቅጭቅ የሁለቱ ነው፤ እግሯ የተሰበረ ሴት በመሐል መጠበቅ የለባትም። ያለ ጥፋት ኃላፊነት የሚባለው ነገር ፍትሐዊነቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። ማስረጃው ያለው በግንቡ ባለቤት እጅ ነው፣ የተስተካከለው ግቢ ጥቅምም የእሱ ነው፤ እሷ ከግንቡ ያገኘችው ጥላውን ብቻ ነው።

---

የገላን ልጅ · ሰኞ ጠዋት 1:50

የእኛ መምህር ያስተማረን ሌላ ነው። መጀመሪያ የጥንቃቄ ግዴታ ነበረበት ወይ፣ ቀጥሎ ግዴታውን ጣሰ ወይ፣ ከዚያ ምክንያትና ውጤት፣ ከዚያ ጉዳት። በእንግሊዞቹ የቀንድ አውጣ ጉዳይ ጀምሮ ነው ያስረዳን። በዚህ መሠረት ብጽፍ ስሕተት ነው?

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ሰኞ ጠዋት 2:10

የቀንድ አውጣው ጉዳይ ያምራል፤ ማንበብህ ጥሩ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ፔይዝሊ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት ጓደኛዋ በገዛላት የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ እንዳገኘችና በዚያ እንደታመመች ገልጻ አምራቹን ከሰሰች። ከአምራቹ ጋር ውል የላትም። በ1932 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ በነበረው የጌቶች ምክር ቤት ዳኛው ሎርድ አትኪን «ጎረቤትህ ማነው?» የሚለውን የወንጌል ጥያቄ አንስተው፣ ድርጊትህ ይነካዋል ብለህ ልታስበው ለሚገባ ሰው ሁሉ መጠንቀቅ አለብህ አሉ። እዚያ አገር የጥንቃቄ ግዴታ ራሱን የቻለ ደረጃ ሆኖ ያደገው ከዚያ ወዲህ ነው።

የእኛ ሕግ ግን ከዚያ ቤት አልተወለደም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ ነው። ቁጥር 2028 «በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ማንም ሰው ጉዳቱን ይክሳል» ሲል በ1804 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፈረንሳይ ሕግ ቁጥር 1382 ጋር ወንድማማች ነው። «ለዚህ ለተለየው ሰው ግዴታ ነበረብህ ወይ?» የሚል ቅድመ ጥያቄ የለበትም። ጥፋት፣ ጉዳት፣ በሁለቱ መካከል ያለ ግንኙነት፤ ሦስት ናቸው። ፈተና ላይ ግማሽ ገጽ ስለ ጥንቃቄ ግዴታ ብትጽፍ የምታጣው ሰዓትህን ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በእንግሊዙ አካሄድ ስትሄድ ያለ ጥፋት የሚመጣውን ኃላፊነት ጭራሽ ሳታየው ማለፍህ ነው፤ ትናንት ሰባቱ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የሕጉ የእንግሊዝኛ ቅጂ የፈረንሳይኛውን «ፎት» «ኦፌንስ» ብሎ ተረጎመው። ተማሪ «ኦፌንስ» ሲያነብ ወንጀል ይመስለውና ፖሊስ ካልከሰሰ ካሣ የለም ብሎ ይደመድማል። አማርኛው ግን «ጥፋት» ነው የሚለው፤ ጥርት ያለ ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ እየተማራችሁ ስትቸገሩ አማርኛውን ክፈቱ። ሰው በወንጀል ተከስሶ ነጻ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም፤ ቁጥር 2149 ነው።

---

ባለባጃጅ · ሰኞ ከሰዓት 8:30

አንብቤ ሳበቃ ፈራሁ። እኔ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ የምትሠራ ባጃጅ አለችኝ፤ የምትነዳው በሹፌር ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ለጓደኛው ሰጥቶ ጓደኛው ሰው ቢገጭስ? እኔ ቤቴ ተኝቼ ማለት ነው።

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ሰኞ ማታ 1:05

ትጠየቃለህ። ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪንና እንደ ወፍጮ ያለ ማሽን ባለቤትን፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ኃላፊ ያደርገዋል። የምታመልጠው በዚያ ሰዓት ተሰርቃብህ እንደነበር ካስረዳህ ነው። ሹፌርህ ቁልፍ መስጠቱ ስርቆት አይባልም።

የግጭቱ ደንብ ደግሞ ይበልጥ ሊያሳስብህ ይገባል፤ ተማሪዎችም በቁጥር አስሉት። ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ባጃጅህ ከሲኖትራክ ጋር ተጋጨች እንበል። የባጃጇ ጉዳት 20,000 ብር፣ የሲኖትራኩ 200,000 ብር ነው። ድምሩ 220,000፣ ግማሹ 110,000። አንተ የራስህን 20,000 አንዴ ተሸክመሃል፤ ስለዚህ ለሲኖትራኩ ባለቤት 90,000 ብር ትከፍላለህ። ብዙ ተማሪ «እኩል» ሲባል ሁሉም የየራሱን ያሠራል ማለት ይመስለዋል። አይደለም።

ይህ ግምት የሚፈርሰው የአንደኛው ሹፌር ጥፋት የአደጋው ዋና ወይም ብቸኛ ምክንያት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላን (የአደጋው ንድፍ) ወርቅ የሚሆነው። አደጋ ሲደርስ ጉዳዩን እዚያው መንገድ ላይ ለመዝጋት አትቸኩል፣ ተሽከርካሪውንም ከቦታው አታንሳ፤ ፕላኑ ይነሳ፣ ምስክር ስልኩን ይስጥህ። የሦስተኛ ወገን መድንህ እንዳያልፍበትም ተጠንቀቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። መድኑ ግን የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ መጠን ነው፤ የተረፈው ወደ አንተ ይመጣል።

---

እናት ነኝ · ሰኞ ማታ 2:20

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት የጎረቤት መኪና መስታወት ሰበረ። ሰፈሩ «ሕፃን ምን ያውቃል» ብሎ አለፈው፤ እኔ ግን ሕሊናዬ አልተወኝም። በሕግ ምን ይባላል?

---

ሦስተኛ ዓመት · ሰኞ ማታ 2:45

እትዬ፣ ይህን እኔ ልሞክረው፤ አስጠኚዬ ታርመኝ። ቁጥር 2030 ጥፋትን ሲለካ የሰውዬውን ዕድሜም ሆነ የአእምሮ ሁኔታ አይመለከትም፤ አንድ ልባም ሰው ምን ያደርግ ነበር ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ልጅም ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ከፋዩ ግን በቁጥር 2124 አባቱ ነው። የወላጅነት ሥልጣኑ በእርስዎ እጅ ከሆነ እርስዎ ነዎት። የሰበረው ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞር ነበር። ሰፈሩ «ሕፃን ምን ያውቃል» ያለውንም ሕጉ ጨርሶ አልጣለውም፤ በቁጥር 2099 አጥፊው የድርጊቱን ክፋት ሊረዳ የማይችል ከሆነ ዳኛው ካሣውን መቀነስ ይችላል።

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ሰኞ ማታ 2:50

የማርመው የለም። እትዬ፣ ሰፈሩ ያለፈውን ስለጠየቁ እናመሰግናለን።

---

የገላን ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 3:00

ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ ልመልሳችሁ። ካሣዋ እንዴት ይሰላል? ደረሰኝ የላት፣ የንግድ ፈቃድ የላት። ማድ ቤቷም ያለ ግንባታ ፈቃድ ከአጥሩ ጋር ተለጥፎ የተሠራ ነው ተብያለሁ። ተከሳሹ «እዚያ ባትሠራው አይወድቅባትም ነበር» ቢልስ?

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ማክሰኞ ከሰዓት 7:40

ሁለቱንም ረጋ ብለን እንያቸው።

ከፈቃዱ ልጀምር። ሕግን መጣስ በራሱ ጥፋት ነው፤ ቁጥር 2035 ይላል። ተከሳሹ ይህን ይዞ በቁጥር 2098 «ጉዳቱ በከፊል የእሷ ጥፋት ነው፣ ካሣው ይቀነስ» ሊል ይችላል፣ አንዳንድ ዳኛም ሊሰማው ይችላል። እኔ ብሆን የምመልሰው ግንኙነቱን በመጠየቅ ነው። ፈቃድ ማጣቷ ግንቡን አንድ ስንዝር ገፍቶታል? ፈቃድ ቢኖራትስ ብሎኬቱ ሌላ ቦታ ይወድቅ ነበር? የፈቃድ ሕጉ የቆመው ሴትዮዋን ከጎረቤት አፈር ለመጠበቅ ካልሆነ፣ እሱን መጣሷ ለዚህ ጉዳት ምክንያት አይሆንም። ግንቡ ማዘንበሉን አይታ፣ ተነግሯት፣ እዚያው ሥር ቆይታ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ሕጉ በጎረቤት ሕንፃ የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስወግድ እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን መብት ሰፈራችን ውስጥ የሚያውቀው የለም። ስንጥቅ ግንብ እያያችሁ ክረምት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ግልባጩን ያዙ።

ወደ ካሣው። መርሑ ቁጥር 2091 ነው፦ ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። የሕክምናው፣ የምጣዱ፣ የማድ ቤቱ ይደመራል። እግሯ እስኪድን የሚቀርባት ገቢ ይደመራል። ሐኪሞች ቦርድ ቋሚ ጉዳት አለ ካለ፣ ወደፊት እንደሚደርስ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ በቁጥር 2092 ይካሣል። የንግድ ፈቃድ አለመኖሩ የግብር ጥያቄ ሊያስነሳ ይችል ይሆናል፤ እግሯን ግን ከሰው እግር አያሳንሰውም። ለገቢው ማስረጃ የሚሆኑት ሱቆቹ ናቸው። ሦስት ባለሱቆች አሉ፤ አንዱ ጋ ሄጄ አይቻለሁ፣ በየቀኑ የተረከበውን የሚመዘግብበት ሉክ ደብተር አለው፤ ቀን፣ ብዛት፣ የተከፈለ፣ የቀረ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ጠርዙ ዘይት ነክቶታል። ለእኔ ከኦዲተር ሪፖርት አያንስም። ትክክለኛው መጠን ጨርሶ ሊታወቅ ካልቻለ ደግሞ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህ ግን ማስረጃ ላለማቅረብ ምክንያት አይሁናችሁ፤ ጉዳቱን የማስረዳት ሸክም በቁጥር 2141 የከሳሽ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት · ማክሰኞ ማታ 1:30

ሕመሟስ? ሌሊት ሌሊት ዝናብ ሲጀምር ትነሳለች፣ አትተኛም ብለሽን ነበር። እሱስ አይካሣም?

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ማክሰኞ ማታ 2:00

የሞራል ጉዳት ካሣ አለ። በቁጥር 2113 ለራሷ ተገቢ ካሣ ሊወሰን ይችላል። የቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3 ግን ጣሪያ አስቀምጧል፤ ከ1,000 ብር አይበልጥም።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። 1,000 ብር በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከኮዬ ሆስፒታል ደርሶ ለመመለስ የኮንትራት መኪና ሒሳብ ላይሆን ይችላል። ልጁን በመኪና አደጋ ለተነጠቀ አባት ችሎት ላይ «የሞራል ካሣ 1,000 ብር» ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሰውዬው ቀና ብሎ ዳኛዋን አያት፣ ተጨማሪ ነገር የምትናገር መስሎት ጠበቀ። ዳኛዋ የፈረደችው ሕጉን ነው። ሊለውጠው የሚችለው ሕግ አውጪው ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካ መቆየቱ ትክክል አይደለም። ተማሪ ሳላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ይህን አስቡት። እስከዚያው ግን ጠበቃ ስትሆኑ የቁሱን ካሣ በደንብ አስረዱ፤ ጣሪያ የሌለው እዚያ ላይ ነው።

---

የድሮ ሬጅስትራር · ረቡዕ ጠዋት 4:15

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን አቃቂ ነው የምኖረው። ውይይታችሁን ልጄ አነበበልኝና ደስ አለኝ፤ አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም።

መዝገብ ቤት ሳለሁ አንድ ሰው መጣ። የጎረቤቱ ወፍጮ ቀበቶው ተበጥሶ እጁን መትቶታል። ክሱን ሲያስረክበኝ ወረቀቱን የያዘበት እጅ ሁለት ጣት ብቻ ነበረው። ባለወፍጮው አላመነም አይባልም፤ ሽማግሌ ፊት «እክሳለሁ፣ መኸር ይግባና» እያለ ነው የኖረው። መኸር ገባ፣ ፋሲካ መጣ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሞቱ፣ ሌላ ተተካ። ሰውዬው ፍርድ ቤት ሲደርስ ከአደጋው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አልፎት ነበር። ተከሳሹ በመልሱ መጀመሪያ ያነሳው ይርጋ ነው፤ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚል። ቁጥር 2143፣ ሁለት ዓመት። ወንጀል የተፈጸመበት ጉዳት ቢሆንና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ቢሆን በዚያ ይሄድለት ነበር፤ የእሱ ግን ቀበቶ በራሱ ጊዜ የተበጠሰበት ስለሆነ ወንጀል አልተገኘበትም። መዝገቡ ተዘጋ። በቁጥር 2081 ያለ ጥርጥር የሚያሸንፈው ክስ ነበር።

ሽምግልናን አልነቅፍም፤ እኔም ተሸምግያለሁ። ግን ቀኑን ቁጠሩ።

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ረቡዕ ጠዋት 5:00

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህን እኔ ማንሳት ነበረብኝ።

ለተማሪዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ይርጋ ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም፤ ቁጥር 1856 ነው። ስለዚህ ጊዜ አልፏል ብላችሁ ክስ ከመጻፍ አትቅሩ፤ ተከሳሽን ስትወክሉ ደግሞ በመጀመሪያ መቃወሚያችሁ ላይ ማንሳት አትርሱ። ሌላው፣ ባለዕዳ ዕዳውን ሲያምን ወይም ከፊሉን ሲከፍል ይርጋው ተቋርጦ እንደገና ከዜሮ እንደሚቆጠር ቁጥር 1851 እና 1852 ይላሉ። ድንጋጌዎቹ በውል ክፍል ውስጥ ቢቀመጡም በቁጥር 1677 በኩል ከውል ውጭ ለሚመጡ ግዴታዎችም ይሠራሉ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እከራከራለሁ። ባለወፍጮው «እክሳለሁ» ያለውን ሽማግሌዎቹ በወረቀት አስፈርመውት ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ይዞት የሚቆም ነገር ያገኝ ነበር። ቃል አየር ላይ ቀረ።

ዛሬ ወደ ሽማግሌዎቻችን እሄዳለሁ።

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ዓርብ ማታ 2:15

ሄጄ ነበር። ባለግንቡ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረብኝ። «ጥፋተኛ ነህ አትበይኝ» አለኝ። «አልልህም፤ ሕጉም አላለህም፤ ግንቡ ግን የአንተ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንዲያ ከሆነ እፈርማለሁ» አለ። ሰው «አጠፋህ» ሲባል የሚገባበት ቤት አለ፤ «ንብረትህ ያደረሰውን ቻል» ሲባል ግን ብዙው ይሰማል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ግንቡ የእሱ መሆኑን፣ ጉዳቱ ከዚያ መድረሱን፣ ለሕክምና እስካሁን የሰጠው 15,000 ብር ከካሣው ላይ የሚታሰብ መሆኑን ጻፍን፤ ቀን አደረግንበት፤ ሦስት ሽማግሌዎች ፈረሙ። የቀረው መጠን አልተስማሙበትም። ካልተስማሙ ክሱን ከመጪው ዓመት ነሐሴ በፊት እናስገባለን።

---

ግንበኛው · ዓርብ ማታ 2:40

አዲሱ ግንብ በድንጋይ ይሠራ በሉት። ቱቦው በየሁለት ሜትር፤ ከኋላው ጠጠር ይሙላ። መጥቼ አሳየዋለሁ፣ ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም።

---

ሦስተኛ ዓመት · ቅዳሜ ጠዋት 3:30

ለነገ ጥያቄ ይዣለሁ። ትናንት ከእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ የቴሌቪዥን ዲሽ በነፋስ ተነቅሎ ወደቀ። ታች ያሰጣሁት በርበሬ ላይ ነው ያረፈው፤ ሰው አልነካም፣ በርበሬው ግን ጭቃ ውስጥ ገባ። ቤቱ የተከራይ ነው፤ ዲሹን ያስተከለው ከእሱ በፊት የነበረ ተከራይ ነው፤ ባለቤቷ ያሉት ውጭ አገር ነው። ቁጥር 2080 ከሕንፃ ለሚወድቅ ነገር የሚጠየቀው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው ይላል። ቁጥር 2077 ደግሞ ባለቤቱን ይጠይቃል። በብሎን ግድግዳ ላይ የታሰረ ዲሽ የሕንፃው አካል ነው ወይስ ከሕንፃ የወደቀ ዕቃ? ብሎኖቹን አንስቼ አስቀምጫለሁ። አራት ናቸው፤ ሁለቱ ላይ የግድግዳው ሲሚንቶ አብሮ ተነቅሎ ወጥቷል።

---

የኮዬዋ አስጠኚ · ቅዳሜ ጠዋት 3:50

ብሎኖቹን ይዘሽ ነይ። በርበሬውንም ፎቶ አንሺው፣ ሳይታጠብ።